በአባታችን ደረት ላይ ያሳረፍኩት እጅ

ለውድ ወንድሜ ለባምላኩ ደረሰ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሀብትነሽስ ደህና ናት? ቤቴል ድክ ድክ ማለት ጀመረች? እኛ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ በሕይወት አለን። እማዬም እህል መቅመስ ጀምራለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አባዬን ረግጣ ገደለቻቸው የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ማን እንደነገረህ አውቃለሁ። ከጀርባዬ ከምታማኝ ስለጠየቅከኝ ግን አልከፋኝም።

በየካቲት ቡሬ ገበያ በርበሬ ይዘን ወርደን ነበር። አባዬ ጆንያውን ከአህያዋ ሲያወርዱ ደረታቸውን ያዙና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደቁ። ስደርስ ትንፋሽ የለም፤ የአንገታቸው የደም ሥር አይመታም። ጤና ኮሌጅ እንደተማርኩት ተንበርክኬ ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ። ገበያተኛው ግን ቡዳ ነው ብሎ ክብሪት ይጭራል፣ ጨርቅ ያጤሳል፣ «ማን ነህ? ለፍልፍ!» እያለ ይጮኻል። አጎታችን አያ ክንፈሚካኤል ደረሱና «አንቺ ባለጌ! ያስተማሩሽ አባትሽን እንድትረግጪ ነው?» ብለው በነጠላዬ ጎትተው አነሱኝ። ወንዶች ያዙኝ። ነከስኳቸው፤ አለቀቁኝም። የአባዬ ፊት ሲጠቁር እንደተያዝኩ አየሁ።

አባዬ ከመስከረም ጀምሮ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጭንቅ ያደርጋቸው ነበር። ባሕር ዳር ልውሰድዎ ብላቸው «ልጄ፣ ሲያርፉለት የሚተው በሽታ በሽታ አይባልም» አሉኝ። ልብም ራሱ ደም የሚያገኝባቸው ሥሮች አሉት። እነሱ ከዓመት ዓመት እየደነደኑ ሲጠቡ፣ ሥራ ሲበዛበት ደም ያጥረዋል፤ ጭንቁ እሱ ነው። አንድ ቀን ምቱ ድንገት ይዛባና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ተስፋው ወዲያው ደረትን መጫንና ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው። መሣሪያው እኛ ዘንድ የለም። ቢተውኝም ላላድናቸው እችል ነበር፤ እሱን አልዋሽህም። ግን አልተውኝም። አሁን ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ሴቶቹ ከጎኔ ይነሳሉ። እማዬም እጄን እጄን ታያለች።

ወንድም ጋሼ፣ አንተስ? መርካቶ ጭነት ተሸክመህ ደረጃ ስትወጣ ደረትህን ጨምድዶ እንደሚይዝህ፣ ስታርፍ እንደሚተውህ ጽፈሃል። ብርድ ነው ብለህ ዝንጅብል ትጠጣለህ። አርባ አልሞላኝም ብለህ አትዘናጋ፤ በዘር ይወርዳል። የእነሱን ወሬ ካመንክ አባዬን የገደልኩ እኔ ነኝ፣ አንተም ጤነኛ ነህ። እኔን ካመንክ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ሆስፒታል ሄደህ ልብህን አስመርምር። ብትጠላኝም ጥላኝ፤ ብቻ ሂድ። ከዚህ ሆኜ ከመጻፍ በቀር ምን አደርጋለሁ?

እማዬ ዓይንህን ስማለች። ታናሻችን ያይኔአበባን ናፍቀሃታል። አያ ክንፈሚካኤልም ሰላም ብለውሃል፤ ለእኔ አልነገሩኝም፣ በሰው ላኩብኝ። ቤቴልን ጉንጮቿን ሳምልኝ።

ይህን ደግሞ ለሀብትነሽ አንብብላት። እህቴ፣ ወንድም ጋሼ ድንገት ወድቆ ትንፋሽ ቢያጣ፣ መኪና ጥሩ ብለሽ ጩኺ። አንቺ በጀርባው አጋድሚው፤ እጆችሽን አነባብረሽ የደረቱን መካከል በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ ተጫኚ። ባለጌ ቢሉሽ አትስሚ። ጎትተው ቢያነሱሽ ተመልሰሽ ተጫኚ።

እህትህ ያምሮት ደረሰ
ቡሬ፣ መጋቢት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.