በቧንቧ ውሃ ላይ የተንሳፈፈው እንቁላል

ውድ ልጄ ሙንተሃ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል በአፌ ብዬሽ አላውቅም። ሚስቴን ሐስናንም፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብያት አላውቅም። በጽሑፍ ሲሆን ያን ያህል አያሳፍርም መሰለኝ። ፊደሌ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ታገሺኝ። ባልሽ አሲም «እኔ ልጻፍልህ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ይህ በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ አባትሽ በሚሰማበት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው።

ወይራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም።

ወይራው የተለቀመ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ፣ የአስተማሪ ልብስሽን እንኳ ሳትቀይሪ፣ ትንሿን ሚዛንሽን ጓዳ ወለል ላይ አስቀመጥሽ። ለአንድ ሊትር መቶ ሃያ ግራም ጨው ብለሽ መመዘን ጀመርሽ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«መድኃኒት ቤት ከፈትሽ እንዴ?»

«ይሳቁብኝ፣ አሚ» አልሽኝ፣ እንደ ወትሮው አጎቴ ብለሽ። «ብቻ ውሃውን እስከ መለኪያው የሊትር መስመር ሞልተው ጨው እንዳይጨምሩበት። ጨውም ቦታ ይይዛል፣ ከመስመሩ ያልፍብናል። መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ይሟሟ፤ ከዚያ እስከ መስመሩ እንሞላዋለን። ያኔ ልክ ይሆናል።»

«ሐስና ዕድሜዋን ሙሉ ያለ መስመር ሠርታለች። እንቁላል ጣል ታደርጋለች፤ ጫፉ የሳንቲም ያህል ብቅ ካለ ጨው በቅቶታል። አለቀ!»

«እሱም ይሠራል። ይቺ እንቁላል ግን የስንት ቀን ናት?»

«እንቁላል ናት እንጂ ሙሽራ አይደለችም! ዕድሜዋ ምን ያደርግልሻል?»

ሳቅሽ። ሐስና ከሞተች ወዲህ በዚያ ጓዳ ሰው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። እኔ ግን አሸነፍኳት ብዬ ወጣሁ።

እንቁላሏን ታውቂያታለሽ፤ በሐስና ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን መደርደሪያው ላይ የምትቀመጠው። ሐስና በሕይወት ሳለች በወይራ ወራት በዚያ ሳህን እንቁላል ጠፍቶ አያውቅም። ጓዳ ገብቼ አላውቅ፤ በበሩ ሳልፍ አያታለሁ፣ ያችው አንዷ እንቁላል ትመስለኝ ነበር። ስለዚህ ለቀማው ሲጀመር አንድ እንቁላል ከሱቅ ገዝቼ አስቀመጥኩ፤ ለቀማው እስኪያልቅ ወሩን ሙሉ ያችው ተቀመጠች።

ያን ዕለት አንቺ የልጆቹን ፈተና ልታርሚ ስትገቢ፣ ለነገ ባዘጋጀሽው የጨው ውሃ ውስጥ እንቁላሌን ጣልኳት። ግማሽ አካሏ ወጥቶ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈች። ይቺ ልጅ ጨው አበዛች፣ ወይራዬን ልታቃጥልብኝ ነው አልኩ። አንቺ ከግድግዳው ወዲያ ነበርሽ፤ ጠርቼ ልጠይቅሽ እችል ነበር። አልጠራሁሽም። ከላይ እየቀዳሁ ደፋሁ፣ በምትኩ ውሃ ጨመርኩ፤ እንቁላሏ የሳንቲም ያህል ብቻ ብቅ እስክትል ድረስ። በነጋታው አንቺ ምንም ሳታውቂ ያንን በገዛ እጅሽ ወይራው ላይ አፈሰስሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልጽፈው ይገባኛል። ስለ እህቴ ልጅ ሠርግ ለመማከር ሽማግሌዎቹ ቤታችን የተሰበሰቡ ዕለት በርሜሉን ከፈትን። ሽታው ቀድሞን ሳሎን ገባ። ሀጂ ሚዝያድ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ቢይዛት ሟሸሸችበት።

«አቡ አሲም» አለኝ በልጄ ስም ጠርቶ፣ «ለሠርጉ ቃል የገባኸው ይህን ነው? ይህ ወይራ ነው ወይስ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የተሠራ ገንፎ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ በዚህች ቅጽበት ውሃ መጨመሬ ትዝ ብሎኛል። ረሳሁ ብዬ አልዋሽሽም። ትዝ እያለኝ ነው እንዲህ ያልኩት፦

«ምራቴን ጠይቋት። በግራም የቀመመችው እሷ ናት፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለች?»

አንቺ ትሪውን እንደያዝሽ ቆመሽ፣ «በለካሁት ልክ ከሆነ አይበላሽም፣ አሚ» አልሽ፣ በቀስታ።

«ታዲያ ውሃ የጨመረበት ጂን ነው?»

እንደገና ሳቁ። አንቺ ፊቴን አላየሽም። እጆቼን ነው ያየሽው። ያኔ እንደገባሽ አውቄያለሁ። በሰው ፊት አማቴ ዋሸ ማለት ስላልሆነልሽ ትሪውን አስቀምጠሽ ወጣሽ፤ በማግሥቱ ወደ አባትሽ ቤት ወደ ኩፍራንጃ ሄድሽ። አሲም ከሥራው ሲመጣ «ኩራቷ ነው ያስኮበለላት፣ መጀመሪያ እሷ ይቅርታ ትጠይቅ» አልኩት። ልጄም አመነኝ። አንቺን ከመፈለግ ያስቀረው የእኔ ምላስ ነው። ተማሪዎችሽ «የገንፎዋ መምህርት» እንደሚሉሽም ሰምቻለሁ፤ ይህን ሰምቼም አፌን ዘጋሁ።

ባለፈው ሰሞን የሐስናን ሳህን ላጥብ ብዬ እንቁላሏን የእቃ ማጠቢያው ውሃ ላይ አስቀመጥኳት። ተንሳፈፈች። ሳሙና ይሆናል ብዬ ውሃውን ደፍቼ ንጹሕ ቀዳሁ። ተንሳፈፈች። ውሃውን ቀመስኩት፣ የቧንቧ ውሃ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንቁላሏን ይዤ ጎረቤታችን ኡም ሳቢር ዘንድ ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «እንቁላል ሲያረጅ ባዶ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል! ሐስና እኮ ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥታ ከዶሮዬ ሥር ትኩሱን ትወስድ ነበር።»

«የትናንቱንስ ምን ታደርገው ነበር?»

«ምን ታደርገዋለች? ለአንተ ትጠብስልሃለች! በወይራ ወራት ቁርስህ ምን ነበር?»

እንቁላል ነበር፣ ልጄ። ያን ሁሉ ዘመን እየበላሁት ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

ከኡም ሳቢር ትኩስ እንቁላል ይዤ ተመለስኩ። ትተሽው የሄድሽውን ሚዛን አወጣሁ። ቁጥሩን ለማንበብ መነጽሬን ሁለቴ ወለወልኩ። መቶ ሃያ ግራሙን እንዳልሽው መጀመሪያ በጥቂት ውሃ አሟሟሁት፣ ከዚያ እስከ መስመሩ ሞላሁት። እንቁላሉን ስጥልበት ጫፉ የሳንቲም ያህል ብቅ አለ። ልክ የሳንቲም ያህል። አንቺና ሐስና ሳትተዋወቁ ተስማምታችኋል፤ መሐል ገብቼ ያበላሸሁ እኔ ነኝ።

ለአሲም ሁሉን ነግሬዋለሁ። እራቱን ሳይበላ ተነሣ፤ ተገቢ ነው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ እንመጣለን። ሀጂ ሚዝያድንና ያን ቀን የሳቁትን ሁሉ አስከትዬ ነው የምመጣው፤ በሰው ፊት አዋርጄሽ ተደብቄ ይቅርታ ብጠይቅሽ ሌላ ሌብነት ነው። አባትሽ ቡናውን ሲያቀርብልኝ እንደ ወጋችን ልመናዬ ሳይሰማ ስኒውን አልነካም። ልመናዬ ደግሞ ተመለሺልኝ የሚል አይደለም። እሱ የአንቺና የአሲም ነው። እኔ የምለምነው አንድ ሳህን የቧንቧ ውሃ እንዲያቀርቡልኝ ነው። ያችን አሮጌ እንቁላል በኪሴ ይዣት እመጣለሁ፤ ሁሉም እያዩ እጥላታለሁ፤ ስትንሳፈፍ ያደረግኩትን በአፌ እናገራለሁ። መንገድ ላይ ኪሴ ውስጥ ከፈረጠችም ሽታዬ ቀድሞኝ ይናገር።

ሚዛንሽንም ይዤ እመጣለሁ፤ የትም ብትኖሪ ያንቺ ነው።

ውሃ የጨመረው ጂን፣
አማትሽ ዱርጋም