የግራ እጅሽ ጓንት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለኔ ግትር፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ጠናልሽ? ማርስ ላይ ባረፋችሁ ማግስት በላክሽው ደብዳቤ «እማ፣ ሰባት ወር ተንሳፍፌ መራመድ ረሳሁ፤ እንደ ሕፃን ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው» ብለሽ ነበር። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ደግሞ አለቀስኩ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሦስት ቀኔ ነው።

አሁን ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ሐሙስ ከመርከባችሁ ሹፌር ጋር ወደ ውጪ ስትወጪ የግራ እጅሽን ጓንት እንዳታጠልቂ። አንጓው ላይ ያለው ስፌት ሊተረተር ይችላል። እዚያ ውጪ አየር አለ የሚባለው ለስሙ ነው፤ ልብስሽ ከተነፈሰ ወደ በሩ እስክትመለሺ የሚያቆይሽ ትንፋሽ የለም። እኛ ደግሞ ከዚህ ሆነን ምን ልናደርግ? ጩኸታችን እንኳ እናንተ ጋ ለመድረስ አሥራ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል።

«ደግሞ ጀመራት» እንዳልሽ ይታወቀኛል። ሌላውም ሰው ሁሉ ያለው እሱኑ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ቅዳሜ ዕለት የጠፈር ልብስ በምንሰፋበት ቤት፣ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ለሙከራ የሰፋሁትን ጓንት አየር ሞልተው አስቀመጡት። ሃያ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ አንጓው ላይ አንድ ክር ላላ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ እርግፍ አለ። ክሩ ሲመረመር ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ጥቅል ከፋብሪካው ሲመጣ ሙቀት ነክቶት ኖሯል። ወዲያው መዝገቡ ተገለጠ፤ ከሰባት ቁጥር የተሰፋው የማን ነው ተባለ። መዝገቡ «የሹፌሩ የግራ ጓንት» አለ። ያን ቀኑን ለሹፌሩ መልእክት ሄደለት፤ የራሱን ትቶ መርከቡ ላይ ያለችውን አንዷን መጠባበቂያ እንዲያጠልቅ። ያንቺ በዘጠኝ ቁጥር የተሰፋ ነው፣ ደህና ነው ተባለ።

ልጄ፣ መዝገቡ ዋሽቷል። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሕጋችንን ታውቂያለሽ፤ ዘመድ የዘመዱን ልብስ አይሰፋም። እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። የኔ እጅ! ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ መርፌ ያልሰበርኩት ሴትዮ! ያንቺ ግራ ጓንት ለዝምተኛዋ ደረሳት፤ ከኔ ማሽን ቀጥሎ ያለችው፣ ቤት መጥታ አንድ ቃል ሳትናገር የምትሄደው። ለኔ የሹፌሩ ደረሰኝ። መጥፎ ሰፊ አይደለችም፤ ግን ልቤ እንቢ አለ። የኔን ልጅ እጅ ሌላ ሴት ትስፋው? በምሳ ሰዓት ለመንኳት። ተለዋወጥን። እኔ ማሽኗ ላይ ያንቺን ሰፋሁ፣ እሷ የሹፌሩን ሰፋች፤ መዝገቡ ላይ ግን ሁለታችንም በደረሰን በየስማችን ፈረምን።

ሰፊ ማሽን ትቀይራለች እንጂ ክሯን አትተውም፤ ይህ የኛ የድሮ ልማድ ነው። እጅሽ የለመደውን ክር ነቅለሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሰባት ቁጥሩን ይዤው ሄድኩ። ዝምተኛዋም የራሷን ዘጠኝ ቁጥር ይዛ የሹፌሩን ሰፋች። እንግዲህ አየሽው? ደህናውን ጓንት ጣለው አሉት፤ የተበላሸውን አንቺ አጥልቀሽ ልትወጪ ነው።

እሁድ ጠዋት አለቃዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ያን ልጅ መርፌ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ቀዳልኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እማማ፣ እናት ነዎት፤ ይገባኛል» አለኝ።

«የምን ይገባኛል! ክሩን ነው የምነግርህ!»

«ባለፈውም ልብዎን ታመው ነበር» አለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

ልትሄጂ አንድ ሳምንት ሲቀርሽ «ልቤን ያዘኝ» ብዬ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት የተኛሁት፣ አገር ሁሉ ያወቀው ነው። ሐኪሙ «ልብዎ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ልብ ነው» ሲለኝ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። አንድም ቃል አልተናገርሽኝም። ያኔ ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። አዎ፣ አልታመምኩም ነበር። እንድትቀሪልኝ ብዬ ነው። ይኸው ዛሬ እሳት ቤቴን ሲበላው ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ።

ዝምተኛዋን አስጠሩልኝ። መሬት መሬት እያየች «የፈረምኩትን ሰፍቻለሁ» አለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሥራዋን ፈርታ ነው። እንደዚያ ስትል ፀጉሯን ልነጭ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን እዚህ ጣጣ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አለቃዬ መዝገቡ ላይ «እናትየዋ በጭንቀት ላይ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከትናንት ጀምሮ ዕረፍት ውጪ ብለውኛል፤ የበሩን ካርድም ተቀብለውኛል።

የቀረኝ ይህ የሳምንት ደብዳቤዬ ብቻ ነው። እሱንም መጀመሪያ የመልእክት ክፍል ያነበዋል። አንቺ አሁን ይህን የምታነቢው የመልእክት ክፍሏ ልጅ፣ መልክሽን አላውቀውም፤ በወለደችሽ እናት ይዤሻለሁ፣ አንድ መስመር እንዳትቆርጪብኝ። ከተሳሳትኩ አንዲት አሮጊት ቀባጠረች ይባላል፣ ያልቃል። ካልተሳሳትኩ ግን ይህን ሸክም አንቺም አትችዪውም።

ልጄ፣ እኔን አትመኚ። ጓንቱን እመኚ። ገበሩን ገልብጪውና በትንሿ ጣት ሥር ያለውን ስፌት እዪው። በንድፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ያንቺ ግን ወደ ውጪ ጎበጥ ብሏል። አምስት ዓመትሽ ላይ በር የቀጠቀጠብሽ ጣት ጎብጦ መቅረቱን ዝምተኛዋ አታውቅም፣ ንድፉም አያውቅም። እንዳይቆረቁርሽ ብዬ ቦታ ተውኩለት። መጀመሪያ ስትለኪው «ይህ ጓንት እጄን ያውቀዋል» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? በደስታ ሳምንት ሙሉ ምግብ አላሻኝም ነበር። ያን ስፌት ካገኘሽው የሰፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እኔ ከሆንኩ ደግሞ ክሩ ሰባት ቁጥር ነው። አሁንም ከተጠራጠርሽ አየር ሙዪበትና አንድ ሰዓት ተቀምጠሽ ጠብቂው።

ለሹፌሩ የራሱን ጓንት መልሺለት፣ ደህና ነው። መጠባበቂያውን አንቺ ውሰጂ። ለማንም እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ይሰፋሻል፣ ጣትሽንም ይቆረቁርሻል። ይቆርቁርሽ።

አትውጪ አላልኩሽም። ልብ በይልኝ፤ የትም ቦታ ላይ አትውጪ አላልኩም። ስትሄጂ ያልመረቅኩሽን አሁን ልመርቅሽ። ውጪ ልጄ። የረገጥሽው ይጥናልሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የወጣሽበት በር መልሶ ይቀበልሽ። ሰው ረግጦት የማያውቀውን አፈር ርገጪው፤ እኔም ቀና ብዬ የሷ እናት ነኝ ልበል።

ሐሙስ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ፊትሽ በመስታወቱ ቆብ ስለሚሸፈን አይታየኝም። እኔ የማየው ግራ እጅሽን ነው። ያንቺ ጓንት አንጓው ነጭ ነው፤ የመጠባበቂያው ግራጫ ነው። ከበሩ ስትወጪ ነጩን ባየው ጮኼ የማስቆመው ነገር የለም፤ እኔ የማየው ከሆነ አሥራ ሦስት ደቂቃ ያለፈውን ነው።

ግራጫ አሳዪኝ፣ የኔ እናት።

አንድ ጊዜ የዋሸችሽ፣
እናትሽ