የአያሌው ተራ

አካሌ አያሌው፣

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ብዕሩን አነሣሁና ሳቄ መጣ። ለሞተ ሰው እንዴት ሰነበትክ ይባላል? ሌላ አጀማመር ግን አላውቅም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሆን ነው፤ ለሙት ዓመትህ ጠላውን ጠንስሻለሁ፣ የዘንድሮ ጌሾ ደካማ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ለቀስተኛው አላለቀሰችም እያለ እንዳማኝ ሰምቻለሁ። ይማኝ። እንባው ከየት ይምጣ፤ ውስጤ ዝም ብሏል።

የቤቱን ላውራህ። ወንድምህ ካሳ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሶታል። ልጃችን ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያተኛ ስንቋን እልክላታለሁ። በሬህን ቡሬን አልሸጥኩትም። ካሳ ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ገብሱን አርሶልኛል።

የቡሬ ጓድ ቦራ የሞተበትን ዓመት መቼም አትረሳውም። አገሬው ቆፍሮ ያጠራቀመው ኩሬ ላዩ አረንጓዴ ሆነና ሁላችንም ደስ አለን። እኛ አገር በበጋ የለመለመ ነገር መቼ ይገኝና! ኩሬው በረከት አበቀለ ተባለ፤ ሰው ከብቱን ቀድሞ ለማጠጣት ተሻማ። ቦራ ጠጥቶ ዳገቱን ሳይጨርስ ወደቀ። ምች ነው አሉ፣ ቡዳ በላው አሉ። የከብት ሐኪሙ መጥቶ መርዙ ያ አረንጓዴ ነገር ራሱ ነው ቢል ማን ሰማው? አንተ ብቻ ሰማኸው። እሱ ያሳየህን ለመንደሩ አሳየህ፤ በየሳምንቱ አንድ ቤት ተረኛ ሆነ። ተረኛው ጧት ውኃውን በሃይላንድ ይቀዳና ያስቀምጠዋል። አረንጓዴው ወደ ላይ ከተንሳፈፈ የኩሬውን መንገድ በእሾህ ያጥራል። እሾህ ካለ ማንም ከብቱን አያወርድም።

ተራችን ሲደርስ ሥራ ታስፈታኝ ነበር። ሃይላንዷን ወደ ፀሐይ አንሥተህ ነይ እዪው ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ እጄ በእበት እንደተለወሰ እያጉረመረምኩ እመጣለሁ። አየሁት፣ ውኃ ነው፣ እልህና ወደ ሥራዬ። አንተ ትስቃለህ።

አርባህ በወጣ በሳምንቱ ተራው እኛ ቤት ደረሰ። ሐዘንተኛ ናት፣ ትለፍ አሉ። እንዴት ይታለፋል? ሰዉ «የአያሌው ተራ» እያለ የሚጠራው ነው እኮ። የከተራ ዕለት ጧት ሄጄ ቀዳሁ። ኩሬው ላዩን ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሃይላንዷ ውስጥ ግን ቆየት ሲል አረንጓዴው አንገቷ ሥር ተሰበሰበ። ከሰዓት ታቦቱ ኩሬው ዳር ወርዶ ሊያድር ነው። በማግስቱ ሕፃን አዋቂው ከዚያ ውኃ ሊረጭ፣ ሊጠጣ ነው። እሾሁን ጎትቼ መንገዱን አጠርኩት። በታቦት መንገድ ላይ እሾህ! ሐዘን ራሷን አዞራት አሉኝ፣ ሰይጣን ገባባት ያሉም ነበሩ። እጄ ደምቶ አላመመኝም። ፈርተሽ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አልፈራሁም፤ ፍርሃቱም ከአንተ ጋር ሄዷል መሰለኝ።

የንስሐ አባታችን መጡ። ሃይላንዷን ተቀብለው ብዙ አዩዋት። ታቦት የሚወርደው ሊፈውስ እንጂ ሕፃን ሊያሳምም አይደለም ብለው፣ ጎረምሶቹን በአህያ ከላይኛው ምንጭ ውኃ አስመጡ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ሸራ ተነጠፈ፤ በዚያ ተባረከ። ትንሽ ነበር፣ ለሁሉም ደረሰ። የታመመ አልነበረም። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

ዛሬ ደግሞ ተራችን ነው። ካሳ ከእንግዲህ በአንቺ ስም ይጠራ ቢለኝ ተቆጣሁት። ጧት ቀዳሁ፣ ጠበቅሁ፣ ውኃው ጠራ። ቡሬ ወርዶ ጠጣ። እኔም ሃይላንዷን ወደ ፀሐይ አነሣሁና፣ ና እየው ብዬ ወደ ጎኔ ዞርኩ።

እዚያው ኩሬው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ቢያየኝ ደስ ባለው።

ተራው ስምህን እንደያዘ ይኖራል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይቀይረውም። በደረሰ ቁጥር ውኃውን ወደ ፀሐይ አነሣልሃለሁ። አንተም ካለህበት ሆነህ እየው።

ባለቤትህ