የእትዬ አልጋነሽ ነጠላ ለምን ከል እምቢ አለ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ገነነ፤

ከሰላምታዬ ኑዛዜዬ ይቅደም። እኔ ታናሽ እህትህ ጽጌ፣ በፈጣሪና ይህን ፖስታ ከፍቶ በሚያነበው ጓድ ሁሉ ፊት፣ ከአባባ ሣጥን አሥራ አንድ ምስማር መስረቄን አምናለሁ። አሁን ወደ ሰላምታው፦ እንዴት ነህ? ሳልህስ ለቀቀህ? ጀርመኖቹ በድንች ብቻ አላከሱህም? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን።

ምስማሩን ያሰረቀኝ፣ ቀለም የገባበት ውሃ በብረት ይጠራል ብለህ የጻፍክልኝ ያንተው ደብዳቤ ነው። የአባባ ማቅለሚያ ቤት ወንዙን ስላጠቆረው፣ ከድልድዩ በታች ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ከሰሱን፤ ቀበሌውም ውሃው ካልጠራ ቤቱ ይታሸጋል አለ። አባባ ለጊዮርጊስ ተሳሉ። እኔ የዛገውን ምስማር በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፍኩና፣ አንተ እንዳልከኝ ከፋርማሲ ያመጣሁትን የቁስል ማጠቢያ ፐርኦክሳይድ ጨመርኩበት። በባልዲ ስሞክረው ጥቁሩ ውሃ ቀስ እያለ ቀጭን ሻይ መሰለ። ካታሊስት ያልከኝ ነገር አሁን ገባኝ፤ ብረቱ እንደ ሠርግ ሽማግሌ ነው። ሌላውን አጣድፎ ጉዳዩን ይጨርስና እሱ እንደመጣ ይመለሳል። ልዩነቱ፣ የእኛ ሽማግሌዎች ጠጁን ሳይጨርሱ አይመለሱም።

እሑድ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የማቅለሚያውን በርሜል ሙሉ ሞከርኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አባባ የሐዘን ልብስ ቀለም ውስጥ እንደሚያሳድሩ እያወቅኩ፣ በእንጨት እንኳ ሳልፈትሽ ጨመርኩ። ለካ ከሥሩ የእትዬ አልጋነሽ ነጠላ ነበር።

የመርሻን እናት መቼም አትረሳቸውም። መርሻ አብሮህ አራት ኪሎ ይማር የነበረው፣ በ1970 ከቤት ወስደውት ያልተመለሰው። ያኔ ማልቀስም ክልክል ነበር፤ በኋላም ልጄ አልሞተም ብለው ሰባት ዓመት ጥቁር አልለበሱም። ዘንድሮ የእድሩ ሽማግሌዎች እርምሽን አውጪ ብለው ወተወቷቸው፤ ተሸነፉና ነጠላቸውን ለከል አመጡ። ሰኞ አባባ ከበርሜሉ ሲያወጡት ጥቁሩ ጠፍቷል። አባባ አማተቡ። እትዬ አልጋነሽ ግን እልል አሉ። ልጄ በሕይወት ቢኖር ነው እንጂ ከሉ እንዴት እምቢ ይለኛል አሉና ለለቅሶው የመጣውን ድንኳን ለእድሩ መለሱ።

ቀበሌው ከቤታችን ወደ ወንዙ የሚወርደው ውሃ መጥራቱን አይቶ ማሸጉን ተወ። አባባም ተአምር ነው ይላሉ። እትዬ አልጋነሽ ያንን ነጠላ ለብሰው ድልድዩ ላይ ይቆማሉ፤ ከአምስት ኪሎ የሚወርደውን ወጣት ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ትናንት አንዱን ትከሻውን ይዘው መርሻዬ አሉት፤ ልጁ ደንግጦ ሮጠ። እኔም፣ ጋሼ፣ ቀልዴ አልቆብኛል። የበርሜሉን ክዳን ባነሳሁ ቁጥር ከሥር ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ውሃው ሲጠራ ማን እንደሚታየኝ እፈራለሁ። ብነግራቸው ልጃቸውን ሁለተኛ የምገድለው እኔ ነኝ። ዝም ብል እዚያ ድልድይ ላይ ያረጃሉ። ስለ መርሻ የምታውቀው ካለ እባክህ ጻፍልኝ።

አባባ በርታ፣ ድንችም ቢሆን እህል ነው ይሉሃል። እማዬ ዓይንህን ስማሃለች። ትንሹ አባይነህ ኳስ ካልላክህ ወንድምነቱ ይቅርብኝ ብሏል። ጎረቤታችን እትዬ መይሙናም በዱዓ አልረሳሁትም በይው ብለውኛል።

እህትህ ጽጌ
ፒያሳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ
ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ቀኑን ጽፌ ቀና ስል እትዬ አልጋነሽ ከኋላዬ ቆመዋል። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሯቸዋል፤ ጣታቸው በርሜል ከሚለው ቃል ተነሥቶ ነጠላ የሚለው ላይ ደርሷል። ወረቀቱን አልሸፈንኩትም። ጽጌ እያሉኝ ነው፤ ቀስ ብለው፣ ጽጌ።