ሰኢድ በርሜሉን አለፈው

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ለደም ልገሳ የተዘጋጀውን ግማሽ ማራቶን ከጓደኛዬ ከሰኢድ ጋር ሮጥኩ። ሁላችንም ቀይ ካናቴራ ለብሰናል። መንገዱ በሐርቡ መስመር ወጥቶ፣ ለመዞሪያ የቆመውን በርሜል ዞሮ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ነው። በርሜሉ ጋ ስንደርስ እኔ ዞርኩ፤ ሰኢድ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ።

"አባባ፣ ሐርቡ ምሳ ተጠርተዋል እንዴ?" አሉ አብረውን የሚሮጡት ወጣቶች። ሰኢድ ቀልዱን መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። ደርሼ ክንዱን ስይዘው ግን እየቀለደ አልነበረም።

"ልቀቀኝ እንጂ መምህር፣ ቤቴ ልግባ! ደሴ እኮ ደርሰናል።"

ደሴ ከኋላችን ነበረች። ሰኢድ በዚህ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ቀስ ብዬ አዞርኩት። ጥቂት እንደሮጥን ነቃ አለና አፈረ።

"ለዘይነባ እንዳትነግራት፣ በአላህ! ጫማዬን ትደብቅብኛለች።"

ሚስቱ ዘይነባ ለሩጫ የምትለቀው ከእኔ ጋር ስለሚሆን ብቻ ነው። ቤቱ ሳደርሰው "እንዴት ነበራችሁ?" አለችኝ። "ጨረስን" አልኳት። መጨረሳችንስ እውነት ነው።

ብነግራት ሩጫው ይቀርበታል፤ ከሩጫ ሌላ ደስታ የለውም። ባልነግራት ደግሞ አንድ ቀን ብቻውን ይወጣና...

ዳገት ላይ ስደክም ሁልጊዜ "አብሽር" ይለኛል። ዛሬም ስሰናበተው ትከሻዬን መታ አድርጎ "አብሽር፣ መምህር" አለኝ። ዛሬ እንኳ እኔ ልለው ይገባ ነበር።