ቤት እስክትይዝ ድረስ

ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ኃይለማርያምስ፣ ወገቡን ተሻለው? ሚካኤላ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ደረጃችሁ ላይ ያለው ነጭ ምንጣፍስ ደህና ነው? እኔ ከወጣሁ ወዲህ መቼም ነጭ ሆኖ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ በሬን በወንበር ደግፌ እተኛለሁ። ስለ ናፍቆት አልጽፍልሽም። ናፍቆት የሚጻፈው ሩቅ ላለ ሰው ነው፤ ከእናንተ ቤት፣ ከአቮንዴል እስቴትስ፣ እዚህ ድረስ ደግሞ አንድ ስብከት ሳያልቅ ይደረሳል።

ከደሴ ምን ሰማሽ? የእማዬ ጉሮሮስ? ተሻላት?

ቆይ፤ አትመልሺ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ በስልክ ጎበዝ ነሽ። ገና "ሄሎ" ስትይ እኔ ጥፋተኛ እሆናለሁ። ወረቀት ላይ ድምፅሽ የለም። የምጽፍልሽ እኔ ጋ ስትመጪ ምን እንደሚጠብቅሽ አውቀሽ እንድትመጪ ነው። ትመጫለሽና።

ከአይ-ትዌንቲ አውራ ጎዳና በኮንየርስ መውጫ ስትወጪ መጀመሪያ ነዳጅ ማደያ፣ ቀጥሎ ጎማ ቤት ታገኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቢጫ ሕንፃ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሆቴል ነው፤ ባንዲራ አለው፣ በሩ ላይ አበባ አለው። አበባው ፕላስቲክ ነው። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመጣል፤ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ከሆቴል ይወጣሉ። ሆቴል ደጃፍ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ያለነው እንግዶች አይደለንም፤ አፓርታማ የከለከሉን ሰዎች ነን። አንዱ ከሥራ ወጥቶ፣ ሌላው ታስሮ ተፈትቶ፣ እኔ ደግሞ የቀድሞ ባሌ በስሜ የተከራየውን ቤት ኪራዩን ሳይከፍል ጥሎት ስለሄደ፣ ክሬዲቴ ተበላሽቶ። ይህን ታውቂዋለሽ። ለሰው ስታወሪው ሰምቻለሁ።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሴት መታወቂያ ትጠይቅሻለች። የመኪናሽን ታርጋ ትጽፋለች። እህቷ ነኝ ብትያት "እዚህ የሚመጣው ሁሉ እህት ነው" ትልሻለች፤ ቀና ብላም አታይሽም። እንደ አንቺ መከበር ለለመደ ሰው ትንሽ ይከብዳል።

ቁልፍ የለም፤ ካርድ ነው። የተከፈለበት ሳምንት ሲሞላ ይሞታል። አንዳንዴ ሳይሞላም ይሞታል። ከሥራ ደክሞኝ እመጣለሁ፣ ካርዱን አስጠጋለሁ፣ ቀይ ይበራል። ዕቃዬ ከበሩ ወዲያ ነው፣ እኔ ከበሩ ወዲህ። ሴትየዋ "ሲስተሙ ነው" ትላለች፤ አዲስ ካርድ ትሰጠኛለች፤ አረንጓዴ ይበራል። ጥርስ ያለው የብረት ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው በዚህ ኮሪደር ላይ አታገኚም። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ዕቃችንን አውጥተን እንደ አዲስ እንመዘገባለን። ብዙ ቆይተን ተከራይ እንዳንባል ነው አሉ። በዋናው በር ሻንጣዬን እየጎተትኩ እወጣለሁ፣ በጎን በር እየጎተትኩ እገባለሁ።

ሻንጣ ስጎትት አንቺ ትዝ ትይኛለሽ። ባልሽ እራት ላይ "እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ ብረት" ብሎ ሲቀልድ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ ሻንጣዬን ከምተኛበት ምድር ቤት፣ ከቤዝመንቱ፣ ሳወጣ ደረጃው ላይ ቆመሽ ምን አልሽኝ? "ግድግዳውን እንዳትፍቂው።"

ክፍሉን ልንገርሽ። አልጋ አለ። ጠረጴዛ አለ። አንድ ወንበር አለ፤ እሱም በር ይደግፋል። ምድጃው ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ ዞር ስትዪ ወጡ ቆሟል። ድስት ከሪሴፕሽን በውሰት ነው። ሽንኩርት ማቁላላት አይቻልም፤ ጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ይጮሃል፣ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ይወጣል፣ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። መስኮቱ የሚከፈተው እጅ የሚያስገባ ያህል ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። እንዳትዘሉ ነው አለችኝ ሴትየዋ። የቀለደች መሰለኝ። አልቀለደችም።

ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ ሚስተር ካልቪን የሚባል ሽማግሌ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆኜ "ይማርህ" እለዋለሁ፤ ከወዲያ ሆኖ "ታንክ ዩ፣ ቤቢ" ይለኛል። እናንተ ቤት በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ሳስነጥስ ይማርሽ ያለኝ ሰው አላስታውስም። ምናልባት ቤዝመንት ስለሆነ አይሰማም ይሆናል። ይሁን።

አሁን ወደ ጉሮሮው።

ውቢትን ታውቂያታለሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁን። እኔ ዕቃ የማሽግበት መጋዘን ተቀጠረች። በዕረፍት ሰዓት አየችኝና ሳንድዊቿን እንደያዘች ቆመች። "አንቺ ዴንቨር አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። ዴንቨር የት እንደሆነ አላውቅም አልኳት። "እህትሽ ሥራ አግኝታ ሄደች አለችን እኮ!" አለች። ሳቅኩ። እንግዲያው በረዶው ፈጃት በይልኝ አልኳት። ውቢት አልሳቀችም። ሳንድዊቿን አስቀምጣ አቀፈችኝ። ቆየች። ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሰው ሰውን እንዲህ የሚያቅፈው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልጠየቅኩም። ደወሉ ተደወለ፣ ወደ ሥራ ገባን።

በዚያው ሳምንት አንቺ መጣሽ። ከመኪናሽ አልወረድሽም፤ ሞተሩንም አላጠፋሽም። ፌስታሉን በመስኮት አቀበልሽኝ፤ "ከቤት የተረፈ ነው፤ ሳይበላሽ ብዪው" አልሽኝ። ከራስ እስከ እግርሽ ጥቁር ለብሰሻል። ምነው ጥቁር በጥቁር? ስልሽ "የሥራ ነው" አልሽ። ሚካኤላ ከጎንሽ ሆና ሕንፃውን ወደ ላይ እያየች "አክስቴ፣ ላይክ፣ ፑል አለው?" አለችኝ። መዋኛስ አለው፤ አፈር ሞልተውበታል አልኳት። "ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ዊርድ" አለችና አንቺን አየችሽ። አንቺ መሪውን በሁለት እጅሽ ጨብጠሻል። እማዬስ? አልኩሽ። "ደህና ናት፤ ጉሮሮዋን አሟት ስልክ ላይ መናገር አቅቷት ነው" አልሽኝ። ይህን ያልሽው ለመስታወቱ ነው።

ፌስታሉን ይዤ ገባሁ። ዕቃዎቹን ከፈትኩ። ምስር ወጥ። ጎመን። ከሥር፣ ስንዴና ሽምብራ። ንፍሮ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሞኝነቴን እዪልኝ። ንፍሮ ከበላሁ ስንት ዘመኔ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩትና ሲዞር እያየሁ ቆምኩ። ማን ቤት ለቅሶ ደርሳ ይሆን አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ከለቅሶ ቤት ንፍሮ በዕቃ ቋጥሮ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? አልኩ። የተረፈው ከራሷ ቤት ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ እያኘክሁ ነበር። ጥቁሩ ልብስ። ዴንቨር። ጉሮሮ። የውቢት እጅ ጀርባዬ ላይ። ሽምብራው አልዋጥ አለኝ። መትፋትም አልቻልኩም። የእናት ንፍሮ እንዴት ይተፋል?

ረስተሽ ነው? ደክሞሽ፣ ከፍሪጅ ያገኘሽውን ሰብስበሽ? ወይስ አፍሽ ያልደፈረውን እጅሽ ደፈረ? አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይህን አገላብጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ በመርሳትሽ እጠላሻለሁ። አንዳንድ ጊዜ ባለመርሳትሽ።

በማግስቱ ውቢትን መደርደሪያዎቹ መካከል ያዝኳት። ንፍሮው ጨው በዝቶበታል አልኳት። እንዲሁ ብቻ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አረዱሽ?" አለች። አላረዱኝም፣ አጎረሱኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለችም፤ "በማርያም፣ በእኔ እንዳይወጣ" እያለች ሁሉንም ነገረችኝ። ጓሮሽ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ባልሽ በዚያ ወገቡ ወንበር ሲያመላልስ ነበር። የእማዬን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትማችሁ ነበር፤ ያን ደሴ የተነሣችውን፣ እኔም አጠገቧ ያለሁበትን። እኔን ቆርጣችሁ አውጥታችኋል። ታናሿስ? ላለሽ ሁሉ ዴንቨር ብለሻል። ውቢት መጋዘን ውስጥ ካየችኝ በኋላ ደውላ "ልጅቷ እዚሁ ናት፣ ሄደን እናርዳት እንጂ፣ ግፍ ነው" ብትልሽ ምን አልሽ? "ሆቴል ውስጥ? ጫማ የሚወልቅበት እንኳ የሌለው ቦታ? ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ጉድ ይበል? ቤት እስክትይዝ ድረስ ትቆይ።"

ቤት እስክትይዝ ድረስ።

እንግዲህ እናቴ እንድትሞትብኝ መጀመሪያ ቤት መያዝ አለብኝ። ክሬዲቴ ሲስተካከል ትሞታለች። እስከዚያ ጉሮሮዋን ያማታል።

ደሴ፣ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ የምታድረው ሴትዮ ትዝ ትልሻለች? ልጇ ጅቡቲ የሞተባት። እማዬ የሰፈሩን ሰው ሰብስባ ጎህ ሳይቀድ ስትወጣ አንቺም እኔም ተከትለናት ነበር። አንዷ ጎረቤት "በረንዳ ላይ እንዴት መርዶ ይነገራል?" ስትል እማዬ ዞር ብላ "ታዲያ የት ነው ያለችው?" አለቻት። ያን ሁሉ ሰው ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። አንቺ እጄን ይዘሽኝ ነበር። ትልቅ ነበርሽ፤ ከእኔ የበለጠ ታስታውሻለሽ።

እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ያልተረዳ ሰው በምን ወጉ ያለቅሳል? ብቻዬን ባለቅስ ወሬ የሰማሁ እሆናለሁ እንጂ እናት የሞተችብኝ አልሆንም። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ እግር ይሰማኛል፣ ብዙ እግር። መጡ እላለሁ። ነጠላዬን ከራስጌ አነሣለሁ። እግሮቹ ያልፋሉ፤ ወደ መጋዘን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ነጠላውን መልሼ አጥፈዋለሁ። እሑድ ሲሆን ትደውያለሽ። "እማዬ ሰላም ብላሻለች" ትይኛለሽ። አሜን እልሻለሁ። ምን ልበልሽ?

ስለዚህ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ጎህ ሳይቀድ። ኃይለማርያምን ይዘሽ፣ ውቢትን ይዘሽ፣ ዴንቨር ያልሻቸውን ሁሉ ይዘሽ። ብዙ እንግዳ አይፈቀድም፤ የጎን በሩን በድንጋይ ደግፌ አቆየዋለሁ። መኪናችሁን ከቆሻሻ መጣያው ራቅ አድርጋችሁ ፓርክ አድርጉ። ክፍሉ አይበቃችሁም። ግማሻችሁ ኮሪደር ላይ ትቆማላችሁ። ጫማችሁን አታውልቁ፤ ምንጣፉ ነጭ አይደለም።

ጮክ ብለሽ አልቅሺ። ሴትየዋ ትመጣለች፤ ትምጣ። ለሚስተር ካልቪን ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጩኸት ብትሰማ አትደንግጥ፣ ለቅሶ ነው አልኩት። "ማን ሞተ?" አለኝ። ገና አልነገሩኝም አልኩት። "ቤቢ፣ የእናንተ ሰዎች ነገር ከባድ ነው" አለኝ። ከዚያ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

ስታንኳኪ ማነው? እላለሁ። እንቅልፍ ላይ እንደነበረ ሰው ቀስ ብዬ ወንበሩን አነሣለሁ። ምነው በደህና ነው? እላለሁ። እንዳላወቅኩ እሆናለሁ፤ አንቺም እንዳላወቅኩ ቆጥረሽ አርጂኝ። ከዚያ በፊት ጠላትሽ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ ምናልባት። ለዚያች ሰዓት ግን ሌላ እህት የለኝም።

ካልመጣሽ፣ እሑድ ስትደውይ እማዬን አገናኚኝ እልሻለሁ። ጉሮሮዋን አሟታል ብትይ ትተንፍስልኝ፣ ይበቃኛል እልሻለሁ። እስክታገናኚኝ ስልኩን አልዘጋም።

ጠረጴዛው ላይ የንፍሮው ዕቃሽ አለ፤ አጥቤዋለሁ፣ ስትሄጂ ውሰጂው። አጠገቡ ጥርስ ያለው የብረት የቤት ቁልፍ ታያለሽ። ከተሰጠኝ ሰንብቷል። ባልሽ የምን ነው? ቢልሽ የዴንቨር ነው በይው። ሰው እዚህ በር ድረስ መጥቶ እስኪነግረኝ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አልልም።

ጤናሽን ይስጥሽ። ሚካኤላን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የባልሽን ወገብ ይማርልሽ፤ ቅዳሜ ቆሞ ነው የሚውለው። ስለ እማዬ ምርቃቱን አልጽፍም። ነፍስ ይማር የሚባለው ከተነገረ በኋላ ነው።

የእናትሽ ልጅ