ሳክስፎንህና የማቴዎስ ፒያኖ

የኔ ጌታ ሸዋንግዛው፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ቃሉ ከበደኝ። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህንም አወጣን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያው ነው። ልጃችን ሰላም ከሥራ ስትወጣ መጥታ አብራኝ ታድራለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፍርቶ ነበር፤ ዝንጀሮዎቹ ቀድመውን ጨረሱት። አንተ በሳክስፎንህ ታባርራቸው ነበር፤ እኔ በዱላም አልቻልኳቸው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አልበሙ ነው። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ከፒያኖ ተጫዋቹ ጓደኛህ ከማቴዎስ ጋር ሰው ፊት ስትጫወቱ የተቀዳው ጃዝ። ሐኪሙ ሳንባህ ደክሟልና ሳክስፎን አትንፋ ብሎህ ነበር። ወይ አንተ! ማቴዎስ የሆቴሉ ፒያኖ ተስተካክሏል ባለህ ቀን እንደ ሙሽራ ለብሰህ ወጣህ፤ እኔ አኩርፌ ቤት ቀረሁ። ብዙም ሳትቆይ ጥለኸኝ ሄድክ። ባሌን የነጠቀኝ ማቴዎስ ነው አልኩ። ለቅሶ ሊደርሰኝ ሲመጣ ፊቴን አዞርኩበት፤ አልበሙ እንዲወጣ ፍቀጂልኝ ብሎ ሲልክብኝም እምቢ አልኩ። አንተንም ተቀይሜህ ነበር፣ እወቀው።

በሙት ዓመትህ ማግስት በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ማቴዎስ ከገረሴ ካመጣቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጃፌ ላይ ተንበርክከዋል። ጋሞ ውስጥ ለእርቅ ሣር የያዘ ሽማግሌ ታልፎ አይኬድም፤ አስተማሪ ሆነን ወደዚህ አገር ስንመጣ መጀመሪያ ያወቅነው ነገር ነው። ጎጃሜ ነኝ ብዬ በሩን ልዝጋው? እንዴት ተደርጎ! አባቴን የሚያህሉ ሰዎች መሬት ላይ ሆነው። በሞቴ ተነሱ ብዬ አስገባኋቸው።

ማቴዎስ ያን እሑድ የተቀዳውን ከፈተልኝና አቀርቅሮ ተቀመጠ።

እስከ መጨረሻው ዜማ ድረስ ደህና ነበርክ። እዚያ ላይ ሳክስፎንህ ቀጥ አለ፤ ልቤም አብሮ ቀጥ አለ። ትንፋሽህ ሲር ሲር ሲል ይሰማል። ማቴዎስ ግን ጥሎህ አልሄደም። ያንኑ ቦታ በፒያኖው ቀስ እያደረገ ይደጋግመዋል፤ አይዞህ፣ አረፍ በል የሚልህ ይመስላል። ትንፋሽህ ሲመለስ ወደ ዜማው ገባህ። ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ፤ አንተም ከት ብለህ ሳቅክ። በታመምክበት ጊዜ ሁሉ እኔ ያንን ሳቅ አንድም ቀን ቤታችን ውስጥ አልሰማሁትም። ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ማቴዎስን አቅፌ ሳምኩትና ይውጣ አልኩ።

አዲስ አበባ ያለው የስቱዲዮ ልጅ ደግሞ ለማቴዎስ ደውሎ ያንን ቦታ ቆርጬ ላስተካክለው፣ ትንፋሹ ዜማውን ያበላሸዋል አለ። ስልኩን ከማቴዎስ እጅ ተቀበልኩና እሳት ለበስኩ። እሱን ብትነካ ፈቃዴን መልሼ እወስዳለሁ አልኩት። አልነካውም።

አልበሙ ይኸው ወጣ፤ ሰላም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሰው ዜማውን እየወደደልህ ነው። እኔ የምከፍተው የመጨረሻውን ነው። ትንፋሽ ሲያጥርህ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ መልሰህ ስትገባ እለቀዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እዚያች ቦታ ላይ ብቻህን አልተውህም።

ያንተዋ አልማዝ